ወደ ካሺ ሐዘን ይዛችሁ ከሄዳችሁ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ፈተና እንዳለቀ፣ ሕንድ አገር በምንማር ሐበሾች መካከል አንድ ጥያቄ ይዞራል፦ «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» ታጅ ማሃልን ያየ ጎዋን ያስባል፣ ጎዋን ያየ ደግሞ የሂንዱዎችን ቅድስት ከተማ ቫራናሲን ያነሳል። ባለፈው ሳምንት ዴልሂ አዲስ የመጡ ሁለት ልጆች «አንተ ሄደሃል አሉ፣ እስቲ ንገረን» ብለው ያዙኝ። ቡና ላይ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እኔ የሄድኩት ለመዝናናት አልነበረም። አባዬ ያረፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ጥቅምት አጋማሽ ላይ። ሚድ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ቤተሰብ «ይጨርስና» ብሎ ደበቀኝ። በጨረስኩ ማግስት ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ሰባት ስምንት ሐበሻ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። ቀብሩ አልፏል፣ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ የቲኬት ገንዘብ የለኝም። አልቅሼ ክፍል ገባሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ስለ ቫራናሲ ባወራ ቁጥር ጆሮዬ ይቆም ጀመር። ሂንዱዎች ካሺ ይሏታል፣ ነዋሪዎቿ ባናራስ። በእምነታቸው እዚያ ሞቶ ጋንጋ በሚሉት በጋንጀስ ወንዝ ዳር የተቃጠለ ሰው ዳግም ከመወለድ ዙር ነፃ ይወጣል፤ ስለዚህ ሬሳ ከየገጠሩ ወደዚያ ይመጣል፣ ሊሞት የደረሰም በሕይወቱ ይመጣል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ለእምነት አልሄድኩም። ሰው ሰውን ሲሸኝ በዓይኔ ማየት ነበር የፈለግኩት። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጓደኛዬም ጭምር።

ጓደኛዬ የደሴ ልጅ ነው፤ ዶርም ውስጥ ሁሉም «የደሴው» ነው የሚለው። «ካሺ ልሄድ ነው» ስለው ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀም። «አብሽር፣ አብረን ነን» አለኝና ቦርሳውን አወረደ።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ትኬት ላይ ነው። ከዴልሂ ቫራናሲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቫንዴ ባራት የሚሉት ፈጣን ባቡር ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። እኛ ርካሹን ስሊፐር፣ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) የሌለውን የመኝታ ፉርጎ፣ ልንገዛ ስንል የወጣልን «ዌይቲንግ ሊስት» ነበር። እስከ ቀኑ ቦታ ይለቀቃል ብለን አመንን። ልብ በሉ፦ በኢንተርኔት የገዛችሁት የተጠባባቂ ትኬት እስከ መጨረሻው አልጋ ካላገኘ ራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለሳል፤ ይዛችሁት ባቡር ላይ መውጣት ግን አትችሉም። «አር ኤ ሲ» የሚል ከሆነ ትሳፈራላችሁ፤ አንዱን የጎን አልጋ ከማታውቁት ሰው ጋር ተካፍላችሁ መቀመጥ ነው። የእኛ ተሰረዘ። የቀረን ታትካል የሚሉት የአስቸኳይ ትኬት ነበር፤ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት በእኛ አቆጣጠር ኤሲ ላለው ጠዋት 4 ሰዓት፣ ለሌለው 5 ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ያልቃል። የደሴው በሁለት ስልክ እየጠቀጠቀ ሁለት ስሊፐር ያዘ።

ሁለተኛው ስሕተት ወሩ ነው። በታኅሣሥና በጥር የሰሜን ሕንድ ሜዳ በጭጋግ ይሸፈናል። ባቡሩ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል ተብሎ ማታ 3 ሰዓት ገባ። አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዳንዴ እየተራመደ፣ አንዳንዴ ምንም በማይታይበት ሜዳ ላይ ቆሞ። ስሊፐር ውስጥ ብርድ ልብስ አይሰጥም፤ ኤሲ ያለው ነው የሚሰጠው። እኛ «ሕንድ ሙቅ ነው» ብለን በጃኬት ብቻ ወጥተናል። በመስኮቱ ሽንቁር የሚገባው ብርድ የደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አይተውን ዝም ብለው አንዱን ጋቢ መሰል ሻላቸውን ወረወሩልን። በዚያ ወር የምትሄዱ ወፍራም ነገር ያዙ፣ በደረሳችሁበት ዕለትም ምንም ፕሮግራም አታስይዙ።

ከጣቢያው በባጃጅ ሄድን። ባጃጅ ያልኩት ለእናንተ ነው፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ስለሆነ እዚያ «አውቶ» ካላላችሁ አይገባቸውም። ጎዶሊያ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ አወረደንና በእግራችሁ ግቡ አለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከተማ ለመኪና የተሠራ አይደለም። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ መንደር ለመንደር የሚሄድ ጉራንጉር ነው። የያዝነው ሆቴል ደርሰን ፓስፖርታችንን ስናወጣ እንግዳ ተቀባዩ ራሱን ነቀነቀ፦ «ፎሬነር ናሂ»፣ የውጭ ሰው አይሆንም እንደማለት። ከፍለናል አልነው፤ አልሰማንም። ሁለተኛው ቤትም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። መጀመሪያ መልካችንን አይቶ ነው ብዬ ደሜ ፈልቶ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፦ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ማረፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ ፎርም ሲ የሚባል መረጃ ለመንግሥት ማስገባት አለበት፤ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ያን ማድረግ ስለማይችሉ ወይም ስለማይፈልጉ አይቀበሉም። መልክ ጭራሽ የለበትም አልልም፤ ዋናው ምክንያት ግን ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ደውላችሁ «የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ? ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» በሉ። የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁንና የመኖሪያ ምዝገባችሁን ኮፒ በደንብ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ እኩለ ሌሊት ላይ በስተደቡብ አሲ ጋት አጠገብ አንድ ማረፊያ አግኝተን የዋጋውን እጥፍ ከፈልን።

ጋት በእኛ የልክ ስም ነው፤ «አንድ ጋት አልተራመደም» እንላለን። በእነሱ ጋት ማለት ከከተማው ወደ ወንዙ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ነው። ቫራናሲ ከሰማንያ በላይ ጋት አላት፤ ሁሉም በምዕራቡ ዳርቻ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ተደርድረዋል። ከወዲያ ማዶ አሸዋ ብቻ ነው፣ ቤት የለም። በጉራንጉሩ ውስጥ የስልክ ካርታ ያዞራችኋል። መንገድ ከጠፋባችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ወንዙን ስታገኙ ከጋት ወደ ጋት በእግር መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ግን በበጋ ነው፤ በክረምታቸው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ ደረጃዎቹን ይውጣል፣ ጀልባም ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ማኒካርኒካ ስንሄድ በጉራንጉሩ መሐል አንድ ወይፈን መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ እሱን ለማለፍ ስንሟገት ከኋላችን ድምፅ መጣ፦ «ራም ናም ሳትያ ሄ»፣ የአምላካቸው የራማ ስም እውነት ነው እንደማለት። አራት ሰዎች የቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ማለት ይቻላል ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። ሬሳው በብርቱካንማ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ተጭኖበታል፤ ሲያልፍ አበባው ክንዴን ነካኝ። የሚያለቅስ የለም። ይህ ነው የከበደኝ። እኛ አገር ቢሆን ሰፈሩ በሙሾ ይናጥ ነበር።

ማኒካርኒካ ከማቃጠያዎቹ ትልቁ ነው፤ ቀን ከሌት አይቋረጥም። እንጨት እንደ ቤት ተቆልሏል፤ ግንድ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ቆሟል፣ ቤተሰብ በኪሎ ይገዛል። አስከሬኑን መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ያጠልቁታል፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ያቆዩታል፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ። እሳቱን የሚጠብቁት ዶም የሚባሉት ናቸው፤ ለዘመናት በመደብ ዝቅ ተደርገው የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ያለ እነሱ እሳት ማንም ባለጠጋ አይሸኝም። አንድ ሬሳ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

እኔ ቆሜ ሳይ ስንት ሰዓት ሆነ ብዬ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ሰዓት ለማየት ብቻ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ጮኸብኝ፦ «ፎቶ! ፎቶ! ፖሊስ!» ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። እዚያ ቦታ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፣ ክልክልም ነው፤ ይህን አውቅ ስለነበር ደነገጥኩ። በዚህ መሐል ሸምገል ያለ፣ ሹራብ የለበሰ ሰው መጥቶ ገላገለን። ጎረምሶቹን ገሠጻቸው፣ ተበተኑ። «እኔ የሆስፒሱ፣ የሞት መጠበቂያ ቤቱ፣ ሠራተኛ ነኝ፣ ገንዘብ አልፈልግም፣ ኑ ከላይ ሆናችሁ በክብር እዩ» አለን በተሰባበረ እንግሊዝኛ። አመንኩት። የደሴው እጄን ጎተት አደረገኝ፤ አልሰማሁትም።

ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ሕንፃ ሰገነት ላይ ወሰደን። እሳቶቹ ከታች ይታያሉ። ሰውዬው ቀስ ብሎ አስረዳን፦ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሞታቸውን የሚጠብቁ ድሆች አሉ፣ ማቃጠያ እንጨት መግዣ የላቸውም፣ አንድ ኪሎ ይህን ያህል ያወጣል፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል መቶ ኪሎ ያስፈልጋል። ከዚያ «ከቤተሰብህ የሞተ አለ?» አለኝ። ፊቴን አይቶ ነው መቼም። «አባቴ» አልኩት፤ ዴልሂ ውስጥ ለማንም በአፌ ያልጠራሁትን ቃል ለማላውቀው ሰው አወጣሁት። አንዲት አሮጊት ጠርቶ እጃቸውን ራሴ ላይ አስጫነልኝ። «ለአባትህ ነፍስ ስንት ኪሎ?» አለኝ።

3,500 ሩፒ ሰጠሁት። ለሁለት ሳምንት የምበላበት ገንዘብ ነው። አንሶት «ለአባትህ ይህን ብቻ?» ሲል ነው የደሴው በአማርኛ «ውረድ! ውረድ ብዬሃለሁ!» ብሎ በጃኬቴ ይዞ ያወረደኝ። ደረጃው ግርጌ ስንደርስ «ፖሊስ» እያለ የጮኸብኝ ጎረምሳ ከሽማግሌው ጓደኛ ጋር ሻይ እየጠጣ ሲስቅ አየሁት። ያኔ ሁሉም ተገለጠልኝ።

ይህ ጨዋታ እዚያ የተለመደ ነው። አንዱ ያስፈራራል፣ ሌላው ያድናል፣ ሦስተኛው ይመርቃል። እውነተኛ የሞት መጠበቂያ ቤቶች ከተማዋ ውስጥ አሉ፤ ሠራተኞቻቸው ግን ቱሪስት ሰገነት ላይ አውጥተው እንጨት በኪሎ አይሸጡም። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና ዚፑን ዝጉ። ማንም ቢያናግራችሁ «ናሂ ቻሂዬ፣ ባያ» በሉ፣ አልፈልግም ወንድሜ ማለት ነው፤ አትቁሙ፣ አትከራከሩ፣ ወደ ሕንፃ ተከትላችሁ አትግቡ። ለድሃ መስጠት ካሰባችሁ ዳቦ ገዝታችሁ ስጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዘን ላይ ያላችሁ ልጆች፦ ስለ ሟቻችሁ ለሚጠይቅ ለማንም አትንገሩ። እኔ የተሸወድኩት በእንግሊዝኛዬ ማነስ አይደለም፤ ለአባቴ አንድ ነገር ማድረግ ፈልጌ ነበር፣ እሱም አገኛት።

የማታውን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ ጀንበር እንደጠለቀች የሚደረገውን የጋንጋ አምልኮ አየን። ወጣት ካህናት በተርታ ቆመው ባለብዙ ክንድ የናስ መቅረዝ እያዞሩ፣ ቀንድ የመሰለ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል እየነፉ፣ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ያምራል። ግን ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ነው፣ ሌባም አለ፤ አብራን የምትማር ልጅ ከዓመት በፊት በግርግሩ ውስጥ እጅ የሚያበዙ ወንዶች አጋጥመዋት ከሕዝቡ መሐል ወጥታ ጀልባ ላይ ሆና ማየቷን ነግራናለች። እህቶቼ፣ እሷን ስሟት። ሰው ግንባራችሁ ላይ ቀለም ሊቀባ ወይም እጃችሁ ላይ ክር ሊያስር ሲመጣ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በነፃ አይደለም።

ከዚያ ስንመለስ የደሴው ተጠማሁ ብሎ አንድ ሱቅ ገባ። ላሲ፣ የእርጎ መጠጥ፣ በሸክላ ኩባያ ይሰጣል፤ ባናራስ የታወቀችበት ነው። እኔ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንኩ አልጠጣሁም። ባለ ሱቁ «ኖርማል? ስፔሻል?» አለው። የእኔ ወሎዬ ደግሞ «ስፔሻል!» አለ፣ ፍራፍሬ የተጨመረበት መስሎት። አረንጓዴ ነገር ቀላቅሎ ሰጠው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው እየተነፈሰ ነው ይለኝ ጀመር፤ ከዚያ ልቤ ቆመ፣ ከዚያ እናቴን ጥራልኝ። ባንግ ነው፤ ከካናቢስ ቅጠል ተፈጭቶ የሚሠራ። እዚያ ክፍለ ሀገር መንግሥት ፈቃድ በሰጠው ሱቅ በግልጽ ይሸጣል፤ ሺቫ ከሚሉት አምላካቸው አምልኮ ጋርም የቆየ ነገር ነው። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዞ «ያ አላህ፣ ሳላውቅ ነው፣ ሳላውቅ ነው» እያለ ሲያለቅስ ማየት ቀላል አልነበረም። ሎሚና ስኳር በውኃ በጥብጬ በማንኪያ ሰጠሁት፣ በጎኑ አስተኛሁት፣ እስኪነጋ ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ። ቢብስበት 112 ልደውል ቁጥሩን ጽፌ አስቀምጬ ነበር፤ የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ከአሲ ሩቅ አይደለም። «ስፔሻል» የተባለ ላሲ፣ ታንዳይ (በቅመም የሚሠራ የወተት መጠጥ)፣ ኩኪስ፣ ምንም አትንኩ። «ባንግ አለበት?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ስለ ምግብ ካነሳሁ፣ ለጾመኞች አንድ ነገር። ጋቶቹ አካባቢ ሥጋ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፣ እኔም «እሰይ፣ ጾም አገር ገባሁ» ብዬ ነበር። ግን «ቬጅ»፣ ሥጋ የሌለበት፣ ማለት የጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር የሚሉት አይብ ሁሉ ቬጅ ነው፤ ምስሩ ሳይቀር በቅቤ ይቁላላል። «ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ» በሉ፣ ወተት የለም ቅቤ የለም። ሻዩ ራሱ በወተት የተፈላ ነው፤ ጋቶቹ ላይ ግን ኒምቡ ቻይ የሚሉት በሎሚና በቅመም የሚጠጣ ጥቁር ሻይ አለ፣ በእሱ ነው የኖርኩት። የደሴው ሐላል ሥጋ ሲያምረው ደግሞ ወደ ማዳንፑራ ሄድን። የባናራስ የሐር ሳሪ ሸማኔዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፣ ሰፈሩም የእነሱ ነው፤ ከየቤቱ የሸማ ዕቃ ጓጓታ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ከየት ናችሁ ብለው ሁለት ሃይማኖት መሆናችንን ሲሰሙ ስለ ቢስሚላህ ካን አጫወቱን፤ ሼህናይ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ በቤተ መቅደስ ሲነፋ የኖረ ሙስሊም ነው፣ በፈረንጆች 2001 የሕንድን ትልቁን ሽልማት ተቀብሎ በ2006 አረፈ። የደሴው በኩራት «ይህማ ወሎ ነው» አለኝ። ወሎ ያልሆነ ነገር መቼ አለውና!

ውኃ የታሸገ ብቻ፣ ክዳኑን እያያችሁ። ጋንጋ ውስጥ ለመጥለቅ የሚያስብ ካለ አይመከርም፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። ይህን ስል ግን መሳለቅ እንዳይመስል። ጎሕ ሳይቀድ በዚያ ብርድ አሮጊቶች አፍንጫቸውን ይዘው ሦስቴ ሲጠልቁ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ በምትሸጥ የፕላስቲክ ጀሪካን ውኃውን ቀድተው ለታመመ ልጃቸው ወደ ገጠር ሲወስዱ ያየሁ ሰው ነኝ። እናቴም እንጦጦ ወጥታ በቢጫ ጀሪካን ጠበል ቀድታ ታወርዳለች።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት የደሴው ተኝቶ ስለነበር ብቻዬን ወረድኩ። ጭጋጉ ወንዙን ውጦታል። ሽማግሌ ቀዛፊ ዋጋ ጠሩ፣ ግማሹን አልኩ፣ መሐል ላይ ተስማማን። ዋጋን ሳትሳፈሩ፣ ለጀልባው በሙሉ ይሁን ለሰው፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ቁረጡ። «ቻቻ» ነበር የምላቸው፣ አጎቴ እንደማለት። ብዙም አላወሩም። ጋንጋ እዚህ ላይ ታጥፋ ወደ ሰሜን ነው የምትፈሰው፣ ወደመጣችበት ወደ ሂማላያ አቅጣጫ፤ ቅድስናዋ በዚህ በዛ ይላሉ አሉኝ። ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ደወል ይሰማል፣ ከዚያ የልብስ አጣቢዎች ድንጋይ ላይ ልብስ ሲመቱ፣ ከዚያ ነው ቀስ ብሎ ደረጃው ከጭጋጉ የሚወጣው።

ሃሪሽቻንድራ ጋት ላይ «ልውረድ?» አልኳቸው። ሁለተኛው ማቃጠያ ነው፣ አነስ ይላል፣ ከማኒካርኒካም ይልቅ ሰው አያዋክብም። ስሙ እውነትን አልክድም ብሎ ዙፋኑን አጥቶ እዚያው የሬሳ እሳት ጠባቂ በሆነ ንጉሥ ተረት ነው። ከሩቅ፣ ከላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ማንም አልጠጋኝም።

ከታች አንድ እሳት ሊያበቃ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ገጠሬዎች ናቸው፣ በጫማቸው ይታወቃሉ። ልጁ እኔን የሚያህል ነው፤ ፀጉሩ ያን ዕለት የተላጨ፣ ያለ ስፌት ነጭ ጨርቅ ብቻ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን። ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል ወይ ሌላ ነገር፣ አላውቅም። ዶሙ አንድ ነገር ነገረው። የሸክላ ማድጋ በወንዙ ውኃ ሞልቶ መጣና ጀርባውን ለፍሙ ሰጥቶ ቆመ። ማድጋውን በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ለቀቀው። ሸክላው ሲሰበርና ውኃው ፍሙ ላይ ሲጮህ ተሰማ። ልጁ ሳይዞር ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ዞሮ ማየት አይፈቀድም። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን አየሁት፤ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል፣ ድምፅ ግን የለውም። ትናንት «አያለቅሱም» ያልኩት ሰው አፈርኩ። አጎቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ከኋላው የሚመጣው ሰው አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ እኔም አደረግኩ። የከፈልኩት ነገር አልነበረም፣ የጠየቀኝም የለም።

ቻቻ ጀልባዋን አስረው ሻይ ይዘው መጡ። የወተት ነበር። ጾም ነኝ ማለት ስላቃተኝ ኩባያውን እጄን ሳሞቅበት ቆየሁና መልሼ ሰጠኋቸው፤ ሳቁና ራሳቸው ጠጡት።

ከሰዓት በኋላ ካሺ ቪሽዋናት የሚሉትን የከተማዋን ዋና ቤተ መቅደስ ለማየት ሞክረን ነበር። የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ መሄድ አለበት፣ ስልክና ቦርሳ አይገባም፤ በር ላይ ያሉት ሱቆች ሳጥን ያከራያሉ፣ ግን አበባና ጣፋጭ ካልገዛችሁ ፊታቸው ይጠቁራል። ስልኮቻችንን ማረፊያው ትተን ብንሄድ ይሻለን ነበር። ሰልፉ ረዝሞብን ትተነው ወደ ሳርናት ሄድን፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡድሃ የመጀመሪያ ስብከቱን የሰበከበት ሣር ሜዳ፣ ጸጥ ያለ። ከካሺ ጩኸት በኋላ ግማሽ ቀን ስጡት።

የመመለሻው ባቡር ማታ ነው፣ ያውም ዘግይቷል። የደሴው ለእናቱ የሐር ሻሽ ሊገዛ ሲሄድ («አጎቴ ፋብሪካ አለው» ካላችሁ ባለ ባጃጅ ጋር እንዳትሄዱ፣ ኮሚሽኑ ከእናንተ ኪስ ነው) እኔ አሲ ጋት ላይ ተቀምጬ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«የት ነህ? ምንድነው የሚደወለው?»

«ወንዝ ዳር ነኝ እማዬ። የእነሱ ጸሎት ነው።»

«ጾሙን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

ዝም አለች። መርዶ ከሰማሁ ጀምሮ ስንደዋወል ስለ ትምህርት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ብርድ እናወራለን እንጂ ስለዚያ ቀን አናነሳም። ሁለታችንም እንጠባበቃለን።

«እማዬ፣ የቀብሩን ቀን ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን ልንገርህ?»

«ሁሉንም። ማን ማን ተሸከመው?»

ጉሮሮዋን ጠረገችና ከጠዋቱ ጀመረች፤ የእድሩ ጥሩምባ ስንት ሰዓት እንደተነፋ፣ ዝናቡ እንዴት እንደቆመ፣ ሬሳውን ፊት ለፊት የያዙት የጋሼ ልጆች እንደነበሩ፣ በእኔ ፈንታ አፈር ያለበሰው ታናሽ ወንድሜ እንደሆነ። ዳታዬ አልቆ መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ገና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነበርን። የደሴው ሻሹን በፌስታል ይዞ መጣ፣ ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን አውጥቶ ሆትስፖቱን ከፈተልኝ።